ነውር ቆጣሪው የፈረስ ደላላ

ቆሰበር ገበያ ፈረስ ተራ ገብታችሁ «ይሄነው የታለ?» ብትሉ የሚያሳያችሁ ሰው አታጡም። አሮጌ ካፖርት ደርቦ፣ ቦቲ ጫማውን ጭቃ ውስጥ ተክሎ፣ የፈረስ ከንፈር ገልብጦ ጥርስ የሚያይ ሽማግሌ ካያችሁ እሱ ነው። ከተማዋን እንጅባራ የሚሏት የመሥሪያ ቤት ሰዎችና አዲስ የመጡ ናቸው፤ እኛ ቆሰበር ነው የምንላት። ብርዷን የምናውቀውም እኛው ነን። ከሰኔ እስከ መስከረም ጉሙ በር አንኳኩቶ ይገባል ብል ያጋነንኩ እንዳይመስላችሁ።

ስለ ፈረስ ደግሞ ከኔ በላይ የሚነግራችሁ የለም። ፊደል አልቆጠርኩም፣ ቁጥሩንም በጣቴ ነው የምይዘው፤ ግን በጉብዝናዬ ጊዜ የጥር ፈረስ በዓል ላይ አምባላዬን ሳስፈነጥራት ያየ ሰው ዛሬም ያወራል። ጎረቤቶቼ ያወራሉ ብቻ ብላችሁ እንዳትንቁ፣ አዘና ድረስ ይወራል። እሷ ፈረስ እንኳ ስሜን ታውቅ ነበር። የኔን ልተወውና ወደ ሰውየው ልመለስ።

ፈረስ ተራ ሕግ አለው። ሻጭ የፈረሱን ነውር በምስክር ፊት ሳይናገር ከሸጠ፣ ገዢው ነውሩን ያገኘ ዕለት ፈረሱን ጎትቶ አምጥቶ ሻጩ ደጅ ላይ ያስረዋል። ማንም «አልቀበልም» አይልም። ስለዚህ ሽያጭ ሲጀመር አስቀድሞ የሚነገረው ነውር ነው፤ የሚናገረውም ደላላው። ሌሎቹ ደላሎች በጥርሳቸው መሃል አጉረምርመው ያልፉታል። ይሄነው ግን ገበያው ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ ነው።

«ይህ ዳማ ውሃ ይፈራል። ወንዝ ስትደርሱ ወርዳችሁ ትጎትቱታላችሁ። ግራ ዓይኑ ሲመሽ አያይም። ኮርቻ ስትጭኑበት ሆዱን ይነፋል፣ ትንሽ ሄዶ ሲያስተነፍሰው ኮርቻው ዞሮ እናንተ መሬት ትሆናላችሁ። ይህን ሁሉ ሰምቶ የሚፈልገው ካለ ይምጣ።»

ሰው ይስቃል፣ ስቆም ይገዛል። በይሄነው እጅ ያለፈ ፈረስ ተመልሶ ደጅ ላይ ታስሮ አያውቅማ። ፈረሶቹን ሲያባብል በአገውኛ ነው፣ ሰውን ሲያናግር በአማርኛ። ለፈረሶቹ የሚላቸው ነገር ይበልጥ ይጣፍጣል ይባላል።

ገበያው ሲበተን ግን ይሄነው የሚሄድበት ቤት የማንንም ልብ አያሞቅም። ከቀርከሃ አጥር ጀርባ ያለች አንድ ክፍል ቤት ናት። ድንች ይቀቅላል፣ ልጦ ከድስቱ አፍ ቆሞ ይበላል። የሚቀመጥበት ዱካ ሳይኖረው ቀርቶ አይደለም። ብቻውን የሚበላ ሰው ቁጭ ሲል፣ ፊት ለፊቱ ባዶ መሆኑን ያየዋል። ያን ላለማየት ነው።

ሚስት ነበረችው፣ ምሥራቅ የምትባል። ድሮ ነው፣ ጫግኒ ወረደችና እዚያው ቀረች። ለምን ሲሉት «ብርዱ አልተስማማትም» ይላል። የቆሰበር ብርድ ለማን ተስማምቶ ያውቃል? ሁሉም አመነው። እኔም አምኜው ነበር፣ እኔን የሚያታልል ሰው ጥቂት ቢሆንም።

ወደ እናትነሽ እንምጣ። እናትነሽ ዳንግላ ናት። ከመናኸሪያው ጀርባ ባለች ሱቋ የፈረስ ግላስ ትሰፋለች። ግላስ ማለት ፈረሱ የበዓል ቀን ጀርባው ላይ የሚለብሰው ነው፤ ቀይ ከቢጫ፣ አረንጓዴ ከሰማያዊ ተቀጣጥሎ ዙሪያው ዘርፍ የሚሰፋለት። የሷ ዘርፍ ፈረሱ ሲሮጥ እንደ ዝናብ ነው የሚወርድ። አንድ እግሯ ከልጅነቷ ጀምሮ ያነክሳል። ግራ ጆሮዋ አይሰማም፤ ስለዚህ ጮክ ብላ ታወራለች፣ ጮክ ብላ ትስቃለች፤ ደጇ ላይ የቆሙ ባጃጆች ምን መጣ ብለው ዘወር እስኪሉ። ሁለት ጊዜ አግብታ ከሁለቱም ተፋትታለች። ልጅ የላትም። ዕድሜዋ ከይሄነው ብዙም አያንስም፤ እንደ እኩያ ነው የሚጨዋወቱት።

ፈረስ የገዛ ደንበኛ ሁሉ ግላስ ይፈልጋልና ይሄነው እያዘዘላቸው ዳንግላ ይመላለሳል። መጀመሪያ ለሥራ ነበር። ኋላ ኋላ ማንም ሳያዘውም መሄድ ጀመረ።

«ዛሬ ደግሞ የማንን ነውር ስትቆጥር ዋልክ?» ትለዋለች ከስፌት መኪናዋ ላይ ቀና ሳትል።

«የአገሩን ሁሉ።»

«የራስህንስ?»

«እሱን ከጀመርኩ ይመሽብኛል።»

«እደር ታዲያ፣ መናኸሪያው ውስጥ አሮጌ አውቶቡስ አለልህ።»

ትስቃለች። እሱም ይስቃል፤ የጎደለ ጥርሱን በእጁ ሸፍኖ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። እናትነሽ ሱቅ የሚገባ ሰው ሁሉ አግዳሚው ላይ በግራዋ በኩል ይቀመጥና ሲጮህ ይውላል። ይሄነው ገና የመጀመሪያ ቀን፣ ማንም ሳይነግረው፣ ዞሮ በቀኟ ተቀመጠ። ፈረስ ሲያይ የኖረ ሰው ጆሮ የትኛው እንደሚዞር ያውቃል። ምንም አላላትም። እሷ ግን አየችው። ያን ቀን እዚያ ብቻ ቢያቆም ኖሮ እላለሁ እኔ። ግን ሰው የሚያውቀውን ሳያበዛ አይቀርም።

ነገሩን ያመጣው ሲኒማ ነው። በዛብህ የሚባል ሰው እዚያው ዳንግላ ቪዲዮ ቤት አለው። ኳስ ሲኖር ኳስ ያሳያል፤ ዲሹ እምቢ ሲል ወይም ኳስ ሳይኖር ያሉትን አሮጌ ፊልሞች ይከፍታል። በዛብህ ዝም ብሎ ከፍቶ የሚወጣ ሰው አይደለም። ዱላውን ይዞ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ይቆምና ፊልሙ ውስጥ ያሉት የሚሉትን ሁሉ በአማርኛ ይናገራል። ለወንዱ በወፍራም ድምፅ፣ ለሴቷ በቀጭን። አገውኛ ብቻ የሚሰማ ገበሬ ከገባ ደግሞ መሃል ላይ በአገውኛ ጣል ያደርግለታል። የፈረንጁን ቋንቋ ያውቃል ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ እኔ ምኑን አውቄ። እኔ ሁለት ቋንቋ እችላለሁ፤ ከሁለቱም በዛብህ የሚለው ይሻል ነበር።

አንድ ቀን ይሄነው ከእናትነሽ ሱቅ ወጥቶ ሚኒባስ ሲጠብቅ ዝናብ መጣና እዚያ ገባ። ጥቁርና ነጭ የሆነ ጥንታዊ የሳቅ ፊልም ነው። አንድ ቀጭን ሰውዬ አለ፣ አንዲት የሐይቅ ዳር ሆቴል ያላት ባሏ የሞተባት ሴት ይወዳል። ሰውዬው ራሰ በራ ነው፣ ሰው ሠራሽ ፀጉር ይደፋል። የፊት ጥርሱ የተገዛ ነው። ትከሻው ኮቱ ውስጥ የተጠቀጠቀ ጥጥ ነው። ቁመቱ ደግሞ የጫማው ተረከዝ። ፊልሙ እስኪያልቅ ሥራው ይህን መደበቅ ነው። ፀጉሩ ሾርባ ውስጥ ይገባል፣ የሆቴሉ ውሻ ጥርሱን ይዞበት ይሮጣል፣ ዝናብ ሲመታው ትከሻው አብጦ በር አላስገባው ይላል። ቪዲዮ ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ።

መጨረሻው ላይ ሰውዬው ይደክመዋል። የሴትዮዋ ማዕድ ቤት ይገባና እራት ከቀረበበት ጠረጴዛ ፊት ይቆማል። ፀጉሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል። ጥርሱን አውልቆ ያስቀምጣል። ጥጡን፣ ጫማውን፣ አንድ በአንድ። አንድ ሙሉ ሰው እዚያ ጠረጴዛ ላይ ተከመረ፤ የቀረው አጭር፣ መላጣ፣ ጥርሰ ባዶ። ሴትዮዋ ሳህኖቹን ወደ ዳር ገፋ ገፋ አድርጋ ለዕቃዎቹ ቦታ ለቀቀችላቸው። ከዚያ ሾርባ ቀዳችለት። በዛብህ በቀጭን ድምፁ እንዲህ አለላት፦

«መላጣ ነህ። ጥርስህ የገበያ ነው። ትከሻህ ፍራሽ ነው። ቁመትህን ጫማ ሰፊ ነው የሠራው። ቢሆንም እኔ አንተን ነው የምፈልግ።»

ሰው አጨበጨበ። ይሄነው አላጨበጨበም። ይህ የኛው የፈረስ ተራ ሕግ አይደለም እንዴ፣ ብሎ አሰበ። ነውሩ በምስክር ፊት ይነገራል፣ የሚፈልግ ይወስዳል፣ ከዚያ በኋላ መመለስ የለም። እስከ ዛሬ ለስንቱ ፈረስ ቤት ሲያገኝ ለራሱ አለማሰቡ ገረመው። ሚኒባሱ ውስጥ ቆሰበር እስኪደርስ ፈገግ እንዳለ ነበር።

ሰንበቱን ጋሽ ፋንታሁን ቤት ሄደ። ጋሽ ፋንታሁን የፈረስ ተራው ምስክር ናቸው፤ ሽምግልናም የሚላኩ፣ ቃላቸው የማይሸራረፍ ሰው ናቸው።

«እናትነሽን ጠይቁልኝ» አላቸው።

«ጎሽ፣ ዘገየህ እንጂ» አሉ። «ዘሩ ጨዋ፣ ሥራው የተመሰገነ፣ እንላቸዋለን።»

«አይበሉ። ነውሬን ነው የሚናገሩ።»

«ምን አልክ?»

«ዕድሜዬን፣ ጉልበቴን፣ ማንኮራፋቴን፣ ጥርሴን። አንድም ሳያስቀሩ። ከዚያ የሷን።»

ጋሽ ፋንታሁን በርጩማቸውን አስጠጉ። «የሷን ደግሞ ለምን?»

«እግሯን፣ ጆሮዋን፣ ከሁለት ባል መፋታቷን፣ አለመውለዷን። ከዚያ ቢሆንም ይፈልግሻል ይበሉልኝ። ሳላውቅ የፈለግኳት እንዳይመስላት።»

«ሽማግሌ ሆኜ ስንት ቤት ቆሜያለሁ። ስናወድስ ነው የኖርን።»

«እርስዎ ምስክር ሆነው የፈረስ ነውር ደብቀው ያውቃሉ?»

«ለፈረስማ እንዴት እደብቃለሁ።»

«ለሰው ይደበቃል ታዲያ?»

ጋሽ ፋንታሁንን ካፋቸው የወጣውን ሕግ መልሶ አስያዛቸው። «ባለጉዳዩ አንተ ነህ» ብለው ተስማሙ።

እናትነሽ ራሷን የቻለች ሴት ናት፤ ቢሆንም ታላቅ ወንድሟን አሳምነውን ማክበር ወግ ነውና ሽማግሌዎቹ የሄዱት እሱ ቤት ነው። ጠያቂው ሽማግሌ ጋር አይሄድም። ይሄነው ከመንገዱ ማዶ ሻይ ቤት ተቀመጠ። ሻይ አዘዘ፣ አልነካውም። ሽማግሌ የተሳካለት ቤት ምግብ አለ፣ መጠጥ አለ፣ ሲወጣም ቀስ ብሎ እየተጨዋወተ ነው። የእሱ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ሰዎቹ ወጡ። ከንፈራቸው ደረቅ ነበር። ጋሽ ፋንታሁን ከፊት ከፊት እየሄዱ፣ አብረዋቸው የሄዱት ሁለቱ ሽማግሌዎች ከኋላ አንገታቸውን ደፍተው።

«ነገሯቸው?» አለ ይሄነው ተነስቶ።

«ነገርኳቸው።»

«ሁሉንም?»

«የአንተን ስናገር ቤቱ ሳቀ። አሳምነው ራሱ ‹ይህስ ደስ የሚል ሰው ነው› አለ። የሷን ጀመርኩ። እግሯ ስል ሳቁ ቆመ። ጆሮዋ ስል አሳምነው ሌላ ሌላውን አየ። ባሎቿ ስል ብርጭቆውን አስቀመጠ። አልወለደችም ስል መጋረጃው ተገለጠና ራሷ ወጣች።»

«ምን አለች?»

«‹አባቶቼ፣ በናንተ አልተቀየምኩም፣ ቁጭ በሉና ቅመሱ። የላካችሁን ሰው ግን አልፈልግም› አለች። ጮክ ብላ እንኳ አይደለም። እሷ ቀስ ብላ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። ማን ቁጭ ይላል ከዚያ በኋላ።»

ይሄነው ካፖርቱን መቆለፍ ጀመረ፣ ቁልፉ አልገባ አለው። «ቢሆንም ይፈልግሻል የሚለውንስ አሉልኝ?»

«እሱ ጋ አልደረስኩም» አሉ ጋሽ ፋንታሁን።

ክረምቱ እንዴት እንዳለፈ ይሄነውን ጠይቁት። አንዳንድ ሳምንት መንገድ ይዘጋል፣ አንዳንድ ሳምንት ኔትወርክ ይጠፋል። ኔትወርክ ሲጠፋ ደስ ይለው ነበር፤ ያልደወለው ኔትወርክ ስለሌለ ነው ማለት ይችላላ። ሲመጣ ስልኩን ይዞ ይቀመጣል፣ ስሟ ላይ ያለችውን የፈረስ ምልክት ያያል፤ ማንበብ ስለማይችል አንድ ተማሪ ነው ምልክት ያደረገለት። ከዚያ ስልኩን ትራሱ ሥር ይከተዋል። ከፈረሶች ጋር ያወራል። ፈረስ ጥሩ አድማጭ ነው፤ ግን አንድ ቀን ይሸጥና ይሄዳል።

ነሐሴ ላይ ለአንድ ደንበኛ ያዘዘው ግላስ በፌስታል ተጠቅልሎ በሚኒባስ ረዳት እጅ መጣለት።

«ምን አለችህ?» አለ ረዳቱን።

«‹ለጋሽ ይሄነው ስጥልኝ፣ እርስዎ ያዘዙት ደርሷል በላቸው› አለችኝ።»

እርስዎ። እንደ ባዕድ። ይሄነው ስድብ ቢላክለት ይሻለው ነበር።

መስከረም ሲጠባ አንድ ጉራች ፈረስ ለማየት ዳንግላ መሄድ ግድ ሆነበት። ፈረሱን አየ፣ ነውሩን ቆጠረ፣ ወደ መናኸሪያ ሲመለስ በሱቋ ላለማለፍ ዞሮ በዛብህ ቪዲዮ ቤት ጋ ተገኘ። ቀን ስለሆነ ሰው የለም። በዛብህ አንገቱን በሻርፕ ጠቅልሎ ዝንጅብል ይጠጣል። ድምፁ ሄዷል፤ ለአውሮፓ ኳስ ሲጮህ ነው የጨረሰው።

«ያቺን የመላጣውን ክፈትልኝ» አለው ይሄነው።

«አልተረጉምልህም፣ ጉሮሮዬ» አለ በዛብህ በሹክሹክታ።

«ዝም ብለህ ክፈት።»

እናንተ፣ ያለ በዛብህ ያ ፊልም ሌላ ነው። ውሻው ጥርሱን ይዞ ሲሮጥ ያስቃል፤ ግን ሰውዬው ከኋላው ሲሮጥ አፉን በእጁ እንደሸፈነ ታያላችሁ፣ ማንም በሌለበት መንገድ ላይ። ይሄነው የራሱን እጅ አየ። መጨረሻው ደረሰ። ማዕድ ቤቱ፣ ጠረጴዛው፣ ፀጉሩ፣ ጥርሱ። ይሄነው ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋ፤ ዕድሜውን ሙሉ የፈረስ አፍ እንዳየው የሴትዮዋን አፍ አየ። ከንፈሯ አልተላቀቀም። ሳህኖቹን ገፋ ስታደርግ አልተላቀቀም፣ ሾርባውን ስትቀዳ አልተላቀቀም። ነውሩን የተናገረው ሰውዬው ብቻ ነው፣ የራሱን። እሷ ቦታ ነው የለቀቀች።

«ሴትዮዋ ምንም አላለችም» አለ።

«አላለችም» አለ በዛብህ።

«አንተ ‹መላጣ ነህ› አለችው አላልክም?»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ሰዉ ምን አለች፣ ምን አለች እያለ ይጮህብኛል። ዝም አለች ብል ሂሳቡን መልስ ይለኛል።»

ይሄነው ሊቆጣ ፈልጎ አልቻለም። በዛብህ የሷን አፍ አልሰረቀም፤ ሥራውን ነው የሠራ። የሰው አፍ የወሰደው ራሱ ነው፣ ጋሽ ፋንታሁንን ልኮ። ተነሳና በቀጥታ ወደ ሱቋ ሄደ።

እናትነሽ መኪናዋ ላይ ነበረች። አግዳሚው ባዶ ነው። ቀና ብላ አየችው።

«እንደምን ዋሉ ጋሽ ይሄነው። ዕቃ ሊያዙ ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምን ልታዘዝ?»

«አጥፍቻለሁ እናትነሽ።»

«አላጠፉም። ሥራዎን ነው የሠሩ።» መኪናዋን ጥቂት ነዳች፣ አቆመች። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሻጭስ ሕግ ነው ይናገራል። ገዢ የሆነ ሰው ግን የፈረስ ነውር የሚቆጥር ለምንድን ነው?»

ይሄነው መልሱን ያውቀዋል። ቆሰበር ውስጥ ያለ ሕፃን ያውቀዋል። «ዋጋ ለማስወረድ» አለ።

«እኔ ዋጋ ጠርቼብዎት ነበር?»

ግላሶቹ ከጣሪያው ተንጠልጥለዋል፤ ቀዩ፣ ቢጫው። ከበሩ ሳያልፍ ቆሞ ባርኔጣውን በእጁ አዞረው።

«ምሥራቅ የሄደችው በብርዱ አይደለም» አለ።

እናትነሽ ክሩን ለቀቀችው።

«ወጡ ጨው በዛው፣ ጨው አነሰው። ደጁ በደንብ አልተጠረገ። አረማመድሽ ከባድ ነው፣ ሳቅሽ ያለ ቦታው ነው እላት ነበር። ጠዋት ስነሳ ጀምሬ እንቅልፍ ሲወስደኝ ነበር የማቆም። ክፉ አስቤ አልነበረም፣ ዓይኔ ላይ ስለሚመጣ ነው የምናገረው። አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ዕቃዋን ሰብስባለች። አላለቀሰችም፣ አልተሳደበችም። ቤቱን ጠርጋ ነው የሄደች፣ ጥግ ጥጉን ሁሉ፣ ምንም እንዳላገኝበት። ይህን ለጋሽ ፋንታሁን አልነገርኳቸውም።»

«ለምን?»

«ነውር አልመሰለኝማ። እውቀት ነበር የሚመስለኝ።»

ውጭ ባጃጅ አለፈ፣ ከኋላው ደግሞ ሌላ። እናትነሽ እግሯን ከመኪናው መርገጫ አንስታ ዘርግታ ማሻሸት ጀመረች።

«ና ግባ» አለች። «በር ላይ አትቁም፣ ብርሃን ከለከልከኝ።»

ገባ። በቀኟ ተቀመጠ።

«እንግዲህ የኔን ልንገርህ፣ አንተ ከቆጠርከው ውስጥ የለም። ሁለተኛው ባሌ ልጅ ስላልወለድኩለት ጥሎኝ ሄደ ይላሉ። ይበሉ። እኔ ነኝ ያስወጣሁት። ደህና ሰው ነበር። ግን እኔ ሰው ቤቴ ውስጥ ሲኖር አልችልም፤ ሲተነፍስ፣ ሲገላበጥ፣ ዕቃ ሲያነሳ። ቀን ላይ ደንበኛ ይምጣ፣ ጨዋታ ይምጣ፣ ደስ ይለኛል። ሲመሽ ይህን በር ስዘጋው ነው የማርፍ። የመጀመሪያውም በዚያው ነው። ሰው ጨካኝ ናት ይለኛል ብዬ አልናገርም፣ ልጅ አጥታ ነው ሲሉ ዝም እላለሁ፣ እሱ ይሻላል። ሽማግሌው ግን ዝም የምልበትን ያን ነገር ፊቴ ላይ እንደ ነውር ሲቆጥረው አመመኝ። ሽማግሌ በወግ ተናግሮ ቢሆንም እምቢ እልህ ነበር።»

«አሁንስ?» አለ ይሄነው።

«አሁንም።»

ይሄነው አንደበቱ ላይ የመጣ ነገር ነበር። አንዳንድ ፈረስ አለ፣ ከሌላ ፈረስ ጋር አንድ በረት አልገባም የሚል፣ ግድግዳ የሚረግጥ። ይሄነው እንዲህ ያለውን ስንቱን አለማምዷል፤ ቀስ በቀስ፣ መጀመሪያ በአጥር ለይቶ፣ ከዚያ አጥሩን ዝቅ አድርጎ። ይህን ሊነግራት አፉን ከፈተ። ፊቷን አየ። የሚለማመድ ነገር አልፈለገችም፣ እንዲታወቅላት ብቻ ነው የተናገረች። አፉን መልሶ ዘጋው። እመኑኝ፣ ይሄነው በሕይወቱ ያየውን ነገር ሳይናገር የቀረ ያን ቀን ብቻ ነው።

የመስከረም ዝናብ ድንገት ቆርቆሮውን ደበደበው። «እስኪያባራ ቆይ» አለችው። ቆየ። እሷ ሰፋች። እሱ ቤቱ ውስጥ ሲሠራ የሚያየው የለም፣ ሲበላ የሚያየው የለም፤ እዚያ ተቀምጦ ሌላ ሰው ሲሠራ የሚሰማውን ድምፅ ሰማ፣ መቀሱን፣ የመኪናውን ጎማ፣ እሷ ለራሷ የምታጉረመርመውን። ሲያባራ ተነሳ። ዝናቡ ሲያቆም ምነው ትንሽ በቆየ እንዳለ እኔ አውቃለሁ፤ ፊቱን ያላየሁት ቢሆንም አውቃለሁ።

«በሩን ገርበብ አድርገው» አለች፣ ክሯን በጥርሷ እየበጠሰች።

ገርበብ አደረገውና ወጣ።

በገበያው ቀን ሱቋ ተመልሶ የመሄዱ ወሬ ፈረስ ተራ ቀድሞት ደርሶ ነበር። ደላሎቹ ከበቡት፤ ሰርክአዲስ የሚባለው፣ አፉ የማያርፈው፣ ከሁሉ ቀድሞ ጠየቀው።

«አልሆነም አሉ?»

«አልሆነም።»

«ዳንግላ ድረስ ተመላልሰህ፣ ክረምቱን ሙሉ ከስተህ። አሁን እንግዲህ የሰማኸውን ሁሉ ንገረን፣ አንተ አታውቅም አይባል። ምን አለባት ሴትዮዋ?»

ሁሉም ጠበቀ። አንዳንዱ ለመሳቅ ተዘጋጅቶ ነበር። ጋሽ ፋንታሁንም በርጩማቸው ላይ ዘወር አሉ።

«ምንም የለባት» አለ ይሄነው።

ሰርክአዲስ አላመነም። «ያለምንም ነገር ነው ታዲያ የቀረ?»

ይሄነው ፊቱ የቆመውን፣ ከዳንግላ የመጣውን ጉራች ፈረስ በአገውኛ አንድ ነገር ብሎት ከንፈሩን ገለበጠና ጥርሱን ማየት ጀመረ። ገበያው ሲበተን በቀርከሃው መንገድ ብቻውን ሄደ። ድንቹን ቀቀለ። ያን ቀን ግን ዱካውን ስቦ ተቀመጠ፣ ፊት ለፊቱ ያለውን ባዶ ቦታ እያየ በላ።